የድልድዩ ብረት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ብየዳ አይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው ነባር የባቡር ሐዲድ ላይ ያሉት የብረት ድልድዮች ዝገው ከሚያልቁ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠው ገንዘቡ ለኮንክሪት ድልድይ እንዲውል ሐሳብ አቅርበው ነበር። በተከታዩ እትም ደግሞ ሌላ አንባቢ ድልድዮቹ የአገር ቅርስ መሆናቸውን አስታውሰው፣ የተሰነጠቀው ተበይዶ፣ የዛገው ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብተው ለጎብኚ እንዲዘጋጁ ጠይቀዋል። ሁለቱም በቅን ልቡና እንደ ጻፉ አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ድልድዮቹ ከምን እንደ ተሠሩ ሳይጠይቁ ነው ወደ መፍትሔው የሄዱት። ከሁለቱ ሐሳቦች ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ምንም እንኳ ልቤ ከእርሳቸው ጋር ቢሆን፣ የሁለተኛው ጸሐፊ ነው፤ ድልድይ የሸጠ ሰው ምን እንዳጠፋ ያውቃል፣ በብየዳ ያዳነ የሚመስለው ግን ያጠፋውን የሚያውቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አነስተኛ የቶርኖና የብየዳ ቤት አለኝ፤ ከብረት ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ሸሚንደፈር እያለ በሚጠራው የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ወርክሾፕ ውስጥ ሪቬት፣ ማለትም ላሜራዎችን አጣብቆ የሚይዘውን የብረት ካስማ፣ መቺ ነበር። የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን ስለ ጎዳው እኛ ልጆቹ በቤት ውስጥ ጮኸን ማውራት የለመድነው በእርሱ የተነሣ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ብረት እየሞቀና እየቀዘቀዘ፣ እየተሰበረና እየተጠገነ ለረጅም ጊዜ እንዳየ ሰው ነው።

ብረት ስንል የምንናገረው ስለ አንድ ነገር አይደለም። ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስሰው፣ በየጋራዡ ጊዛ የምንለው ብረት፣ ከመቶው ከሁለት እስከ አራት እጅ የሚሆን ካርቦን ስላለበት ከላይ የሚጫነውን ክብደት እጅግ በደንብ ይሸከማል፤ ሲጎተት ወይም ሲመታ ግን ሳይታጠፍና ምልክት ሳይሰጥ ይሰበራል። በእሳት እየጋለ እየተቀጠቀጠ ይሠራ የነበረው የድሮ ብረት በአንጻሩ ካርቦኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲሰበር ውስጡ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ጭረት ጭረት ሆኖ ይታያል፣ መጎተትንም ይችላል። አረብ ብረት ለድልድይ ሥራ በብዛት መዋል የጀመረው ከሁለቱ በኋላ ነው። ሦስቱም ሲዝጉ ቀለማቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሩቅ ያየ ሰው አይለያቸውም። በቅርብ ሲታዩ ግን መለየት ይቻላል። ጊዛ ቆዳው የፈሰሰበትን አሸዋ ሸካራነት ይዞ ይቀራል፣ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመርም አንዳንድ ጊዜ በጎኑ ይታያል። ግራይንደር ሲነካው የሚወጣው ፍንጣሪ አጭርና ቀላ ያለ ነው፤ የአረብ ብረት ፍንጣሪ ግን ረጅምና ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ይበተናል። በመሮ ሲነካም ጊዛው እንደ ደረቀ ቆሎ ይፈረፈራል እንጂ አይጠቀለልም። ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ ቢያስፈልግም፣ የመጀመሪያውን ልየታ ማንኛውም የቶርኖ ቤት ሠራተኛ በግማሽ ቀን ሊያደርገው ይችላል።

ይህን በነገር ላይ ነገር ለመጨመር አላነሣሁትም። ቤቴን እንደ ከፈትሁ ሰሞን ከአንድ ወፍጮ ቤት አንዱ ክንዱ የተሰነጠቀ ትልቅ የጊዛ ፑሌጃ መጣልኝ። ወጣት ነበርሁ፣ ደንበኛም ማስደሰት እፈልግ ነበር፤ ስንጥቁን በግራይንደር ከፈትሁና በተራ ኤሌክትሮድ በየድሁት። ሲያልቅ በእጄ ሥራ ተደንቄ ነበር። ደጅ ወጥቼ ሻይ ይዤ እንደ ተቀመጥሁ ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ገብቼ ሳይ ብየዳው እንዳለ ነው፤ ከብየዳው በጣት ርቀት ላይ ያለው ጊዛ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀድሞ አንድ የነበረው ስንጥቅ በእኔ ጥገና ሁለት ሆነ፣ የወፍጮውም ባለቤት አዲስ ፑሌጃ ለመግዛት ተገደዱ። ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። የብየዳው ሙቀት የነካው ጠባብ ዳር ድንገት ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ይደርቃል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ጊዛ ደግሞ የሚኮማተረውን ክፍል ተከትሎ ስለማይኮማተር ራሱን በራሱ ይቀደዋል። ጊዛ ከመበየዱ በፊት ሙሉ አካሉ በብዙ መቶ ዲግሪ እንዲሞቅ፣ ኒኬል ያለበት ኤሌክትሮድ እንዲያዝለትና ኋላም በአመድ ወይም በአሸዋ ተሸፍኖ እጅግ በዝግታ እንዲቀዘቅዝ ያስፈልጋል። ይህን ለፑሌጃ ማድረግ ይቻላል፤ በሸለቆ ላይ ለተሰቀለ የድልድይ አካል ማድረግ ግን የማይታሰብ ነው። ስለዚህም በሌላው ዓለም የተሰነጠቀ የጊዛ ድልድይ ብዙውን ጊዜ እሳት ሳይነካው፣ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተበስቶ በብረት ቁልፎች እንደ ልብስ በመስፋት ወይም ከጎኑ ማጠናከሪያ በብሎን በማሰር ይጠገናል።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ የእኛ ድልድዮች ጊዛ ናቸው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ስለ ከሰረ ሐዲዱ እዚሁ ለዓመታት ቆሞ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሶች ደግሞ በዚያን ዘመን ለባቡር ድልድይ አግዳሚ፣ ማለትም ከእግር እስከ እግር ተጋድሞ ሐዲዱን ለሚሸከመው ክፍል፣ ጊዛ መጠቀምን ከተዉ ቆይተው ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ቼስተር ከተማ አጠገብ በዲ ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1847 የጊዛ አግዳሚው ተሰብሮ ባቡር ይዞ ከወደቀ ወዲህ ነበር ጥርጣሬው የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1879 መጨረሻ በስኮትላንድ የቴይ ድልድይ በማዕበል ነፋስ ባቡር ይዞ ሲወድቅ ደግሞ የጊዛ ዓምዶቹ ማያያዣ ጆሮዎች ጉድ ወጣ። ስለዚህ በእኛ መስመር ላይ ያሉት ዋና ዋና አግዳሚዎች ጊዛ ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም። አግዳሚው የሚቀመጥባቸውን መቀመጫዎች፣ ሮለሮችንና ሌሎች ትናንሽ ክፍሎችን በጊዛ መሥራት ግን ከዚያም በኋላ የተለመደ ነበር። በዚህ ላይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በዚህ መስመር ላይ ድልድዮች እየፈረሱ እንደ ገና ተጠግነዋል። በአንድ ድልድይ ላይ የተለያየ ዘመን ብረት ጎን ለጎን ተሰክቶ ቢገኝ አይገርመኝም፤ አንዱ ብየዳ የሚቀበል፣ ጎረቤቱ የማይቀበል።

በዓለም የመጀመሪያው ታላቅ የጊዛ ድልድይ እስከ ዛሬ ቆሞ ስላለ የጥገናውን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ኮልብሩክዴል አጠገብ በሰቨርን ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1779 የተተከለው ይህ ድልድይ ወደ 30 ሜትር የሚሰፋ አንድ ቅስት ሲሆን፣ 380 ቶን ከሚጠጋ ጊዛ፣ 1,700 ከሚያህሉ ክፍሎች ተገጣጥሟል። የሠሩት ሰዎች በብረት ድልድይ መሥራትን ከማንም የሚማሩበት ዕድል ስላልነበራቸው ጊዛውን አናጢ እንጨት እንደሚያጋጥመው በምላስና በጎድጓዳ፣ በሽብልቅም አጋጠሙት፤ ሲሠራ አንድም ብየዳ አልነበረበትም። ለተሽከርካሪ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከዚያ ሁለቱ የወንዙ ዳርቻዎች ወደ መሃል እየተንሸራተቱ ድልድዩን ስለ ጨመቁት፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1975 ባለው ጊዜ በወንዙ ወለል ሥር ዳርቻዎቹን የሚያራርቅ የኮንክሪት መወጠሪያ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተመርምረው፣ የላሉት ሽብልቆች ተስተካክለው፣ ቀለሙ የታደሰው እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ሲሆን ወጪውም 3.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ያን ጊዜ ከብረቱ ላይ የተፋቀ አሮጌ ቀለም በቤተ ሙከራ ሲታይ፣ ሰው ግራጫ አድርጎ ያውቀው የነበረው ድልድይ መጀመሪያ ጥቁር ቀይ ቡናማ እንደ ነበር ስለ ተገኘ ወደዚያው ተመለሰ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ እግሩ ከተጠገነ ከአርባ ዓመት በኋላ ነው ለውበቱ የታሰበው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከቀለም ባልዲው ነው።

የእኛዎቹ ድልድዮች የተያያዙት በሽብልቅ ሳይሆን በሪቬት ነው፤ ስለ ሪቬት ደግሞ ከአባቴ የሰማሁትንና በልጅነቴ ያየሁትን መጻፍ እችላለሁ። አንድ ሰው ምድጃው ላይ ሪቬቱን ያግላል፤ ብርቱካን መስሎ ሊነጣ ሲል በጉጠት አንሥቶ ለሁለተኛው ይወረውርለታል። ሁለተኛው በባልዲ ቀልቦ ቀዳዳው ውስጥ ይከተዋል፤ ሦስተኛው ከኋላ በከባድ ብረት ደግፎ ሲይዝለት አባቴ ከፊት ጫፉን በመዶሻ ያድበለብለዋል። ሪቬቱ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ ሲያጥርም ሁለቱን ላሜራዎች እንደ ጉጠት ይዞ ያጣብቃቸዋል። በማግስቱ አባቴ ትንሽ መዶሻ ይዞ በየሪቬቱ ራስ ላይ ያንኳኳል፤ ጣቱን በአንዱ ወገን አድርጎ በሌላው ወገን ሲመታ ጥሩው ሪቬት እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ግን እንደ ተሰነጠቀ ጀበና «ጥፍ» ይላል፣ ጣቱም ላይ ይንቀጠቀጣል። የላላውን በኖራ ክብ ያደርግበታል። በኋለኛው ዘመን ጆሮው ሲደክም በጣቱ ብቻ ይለይ ነበር። የላላ ሪቬት ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ ሪቬት ወይም ልኩን በጠበቀ ጠንካራ ብሎን ይተካል እንጂ ራሱ ላይ ብየዳ አይንጠባጠብበትም፤ ብየዳው ላሜራዎቹን አያጣብቃቸውም፣ ለሚቀጥለው መርማሪ ግን ሪቬቱ የላላ መሆኑን ይደብቅበታል።

ከብረቱ ዓይነት ቀጥሎ ብዙ የሚረሳው ነገር ሙቀታችን ነው። 30 ሜትር የሚረዝም የብረት አግዳሚ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዋወጣል። በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ፀሐይ የመታው ብረት በእጅ እንደማይነካ፣ በሌሊት ደግሞ እንደሚቀዘቅዝ ለዚህ ከተማ ሰው መንገር አያስፈልግም። የድሮዎቹ መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ አግዳሚውን በአንድ ጫፉ አስረው በሌላው ጫፉ በሮለር ወይም በሚንሸራተት መቀመጫ ላይ ያሳርፉት ነበር። ከዓመታት በፊት በመንገድ ላይ ያለ አንድ አሮጌ የብረት ድልድይ ተጠግኗል ተብሎ ለማየት ሄጄ ነበር። የሥራው ተቋራጭ፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ በሚንሸራተተው ጫፍ ሥር ያለውን ክፍተት እንደ ጉድለት ቆጥሮ በኮንክሪት ደፍኖታል። በክረምቱ ማግስት ተመልሼ ሳይ የድንጋይ ግንቡ ከአግዳሚው ጀርባ ተሰንጥቆ ነበር፤ አግዳሚው በሙቀት ሲረዝም የሚሄድበት ስላጣ ግንቡን ገፍቶታል። በአካባቢው ያገኘሁት ዘበኛ «ኮንክሪቱ እኮ ለማጠንከር ነው የተባልነው» አለኝ። ለእርሱ የምመልሰው አልነበረኝም። ከባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ ማጠንከር ማለት ይኸው ነው፤ አሸዋውን ከሮለሩ ሥር ጠርጎ ቅባት ማድረግ ይበቃ ነበር፣ ዋጋውም የመጥረጊያና የአንድ ጣሳ ግሪስ ነው።

ስለ ጎርፍ ለድሬዳዋ ሰው ብዙ መጻፍ ድፍረት ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደ ወሰደብን የማያስታውስ የለም። ያን ሌሊት ያየ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ በጥቂት ሰዓት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። በሐዲዱ ሥር የሚያልፉት ወንዞችም የደቻቱ ዘመዶች ናቸው። ውኃ ድልድይን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ አግዳሚውን ገፍቶ ሳይሆን እግሩ የተቀመጠበትን አሸዋ ከሥሩ ጠርጎ በማውጣት ነው፤ ጎርፉ ሲያልፍ ጉድጓዱ በአዲስ አሸዋ ስለሚሞላ ከላይ ያየ ሰው ምንም እንዳልሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ የማንኛውም ድልድይ ምርመራ በደረቁ ወራት የእግሩን መሠረት ቆፍሮ በማየት መጀመር አለበት። ከድልድይ እግር አጠገብ ለግንባታ አሸዋ ማውጣትም ፈጽሞ መከልከል ይገባዋል፤ በዚህ ነገር ላይ ከአሸዋ ጫኞቹ መካከል አንዳንዶቹ ደንበኞቼ ቢሆኑም ቃሌን አላለዝብም።

ወደ ቀለሙ እንመለስና፣ ከሥር ያለው ቀይ ቀለም በድሮው ልማድ እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር በግራይንደር መፋቅም ሆነ በኦክሲጅን እሳት መቁረጥ ለሠራተኛው መርዝ ነው፤ አቧራው ፍየሎች ወደሚግጡበት ሣርና ወደ ወንዙ አሸዋም ይወርዳል። በሌላ በኩል የእኛ አየር ደረቅ ስለሆነ አብዛኛው የብረቱ ፊት ላይ ያለው ዝገት ስስ ነው፤ ከሩቅ እንደሚያስፈራው አይደለም። እውነተኛው ጉዳት ያለው አሸዋ፣ የወፍ ጎጆና የእንስሳት ጭቃ ተከማችቶ እርጥበት በሚይዝበት ማዕዘን፣ በተለይም በሁለት ላሜራዎች መካከል ነው። ዝገት ከተነሣበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራዎቹን እየፈለቀቀ ሪቬቱን ከመካከል ይበጥሰዋል። ይህ ሳይጸዳ ከላይ የተቀባ ቀለም ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያቆመውም።

ለመጀመሪያው ጸሐፊ፣ ይሸጡ ላሉት፣ አንድ ነገር ላምንላቸው እወዳለሁ፤ ገንዘብ የለም ያሉት እውነት ነው። 1 ሜትር ስፋት ካለው አሮጌ ሐዲድ ጎን 1.435 ሜትር የሚሰፋው አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ አሮጌው ዋና ሥራውን አጥቷል፤ በየአሥር ደቂቃው መንገድ የሚያጋጥመውን ትንሽ ድልድይ ሁሉ እንጠግን ማለትም ከንቱ ነው። ተመሳሳይ የሆኑት አጫጭር ድልድዮች ባሉበት ይቆዩ፤ መተካት ያለበትም ይተካ። ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት፣ ርዝመታቸውና አሠራራቸው ታሪኩን የሚናገር፣ በክረምት እግረኛና ግመል ነጂ እስከ ዛሬ የሚሻገርባቸው፣ ተመርጠው በሙያ እንዲጠገኑ እጠይቃለሁ። ይህንንም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ የምድር ባቡሩና የከተማው አስተዳደር አብረው ተቀምጠው ቢያዩት፣ ከሁሉ በፊትም ምንም ከመነካቱ አስቀድሞ እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ተለክቶና የብረቱ ዓይነት ተጽፎበት መዝገብ ቢወጣለት፣ ወጪው ከአንድ መካከለኛ የቀለም ጨረታ አይበልጥም ብዬ አምናለሁ። ለመዝገቡ ሥራ የውጭ ባለሙያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከወርክሾፑ ጡረታ የወጡ፣ ሪቬት በጣታቸው የሚለዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ካርታ ሲጫወቱ ይገኛሉ። እነርሱን ከወጣት መሐንዲሶች ጋር አጣምሮ ማሰማራት በዚህ ዓመት ይቻላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ይቻል እንደ ሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በመጨረሻ፣ የአባቴ የሪቬት መዶሻና የሪቬቱን ራስ ክብ የሚያደርጉ አራት ቅርጾች በእኔ ቤት በሞርሳው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አሉ። ሁለቱ ቅርጾች መስመሩ ላይ ካየኋቸው የሪቬት ራሶች ጋር ልካቸው ይገጥማል። ሥራው ሲጀመር የሚፈልጋቸው ሰው መጥቶ ሊወስዳቸው ወይም ሊለካቸው ይችላል፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ቢሆን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራው ባለ ቶርኖ ቤት
ድሬዳዋ